ሳያውቁ መተው ይቅርታ ነውን?

ይቅር ባይነት ከአባቶቻችን ከወረስናቸው ምግባሮች መካከል በፊተኛው ረድፍ የሚቆም ነው። በአገራችን ሁለት ሰዎች የተጣሉ እንደ ሆነ ከዳኛ በፊት ሽማግሌ ይገባል፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳይም «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ» ይላል፤ ጎረቤትም ደስ ይለዋል። ይህ ልማድ ብዙ ደም እንዳይፈስ ከልክሏል፤ ብዙ ቤትም እንዳይፈርስ ጠብቋል። ስለዚህ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይቅርታን ለመንቀፍ አይደለም። ልንመረምር የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም፦ ሰው የሚተወው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ቢተወው፥ ያ መተው ይቅርታ ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው መጽሐፍ ስናነብ የመጣብን አይደለም፤ አንድ ሰው ከቢስክሌቱ ላይ በመውደቁ የተነሣ ነው እንጂ።

የምንኖርባት ባሕር ዳር በጣና ዳር በሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስለ ሆነች ለቢስክሌት እጅግ የተመቸች ናት። ጧት በጎዳናዋ ላይ የቆመ ሰው ተማሪውን፥ አስተማሪውን፥ የቀን ሠራተኛውን፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውን በቢስክሌት ሲያልፉ ያያል። ለብዙ ቤተ ሰብ ቢስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም፤ ገበያ የሚያደርስ፥ እንጀራ የሚያመጣ እግር ነው። በመሥሪያ ቤታችን በተላላኪነት ያገለግሉ የነበሩ አምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሰውም ከዚህ የተለየ እግር አልነበራቸውም።

እኒህ ሰው በአንድ ቅዳሜ ቀን ከገበያ ሲመለሱ አንድ የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መታቸውና ጣላቸው፤ የግራ እግራቸውም ከጉልበታቸው በታች ተሰበረ። በዐሥረኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ተኙበት ሐኪም ቤት ሄዱ፤ እኛም የሥራ ባልደረባቸው ስለ ሆንንና ጽሕፈትም እናውቃለን ስለ ተባለ አራተኛ ሆነን ተጨመርን። ወጣቱ ሾፌር ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ አለቀሰ። በሽተኛውም እጃቸውን በራሱ ላይ አድርገው «እሱም እንደ እኔ የድኻ ልጅ ነው፤ ወህኒ ቢወርድ እኔን ምን ይጠቅመኛል?» አሉ። ሁላችንም ዓይናችን እንባ አቀረረ። 20,000 ብር ተቆጠረ። የእርቁንም ወረቀት የጻፍነው እኛ ነን። ስንጽፍ ሳለ ከባለ መኪናው ዘንድ የመጣ አንድ ጉዳይ ፈጻሚ «ይህችን ቃል ጨምሩባት» ብሎ ከኪሱ ያወጣትን ብጣሽ ወረቀት ሰጠን፤ ቃሉም «በዚህ አደጋ ምክንያት ከእንግዲህ ወዲህ በማንም ላይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሣም» የሚል ነበር። እኛም ለእርቅ የሚስማማ ያማረ ቃል መስሎን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ገለበጥነው። በሽተኛው ፈረሙ፤ ተመራርቀንም ወጣን።

ሰባት ወር ካለፈ በኋላ እግሩ አጥሮ ቀረ። ቢስክሌቱ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ገንዘቡም ገና በአራተኛው ወር ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ አልቆ ነበር። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር አንድ የጎረቤታቸው ልጅ የወረቀቱን ግልባጭ ይዞ ወደ እኛ መጣና ሦስት ነገር ጠየቀን፦ «የመኪናው ባለቤት ማን ነው? መኪናው መድን የገባው የት ነው? እግራቸውስ ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚጎድል ሐኪም ጽፎ ነበር?» አለን። አራት ሽማግሌዎች ተሰብስበን ከነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ሳንጠይቅ እንዳስታረቅን ያን ጊዜ ገባን።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ፈልገን አነበብን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። መኪናውን ሌላ ሰው ሲነዳው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነቱ አያመልጥም፤ ራሱ ጥፋት እንዳልሠራ በማስረዳት ብቻም ነጻ አይወጣም። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከመኪናው የሚገኘውን ጥቅም የሚቀበል ሰው ከመኪናው የሚመጣውንም አደጋ ሊሸከም ይገባዋልና ነው። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ጊዜው እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ እንደሚገባው ተጽፏል፤ ይህም ማለት የሐኪም ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ወደ ፊት የሚያጣው የሥራ ገቢ ጭምር ይቆጠራል ማለት ነው። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ያለበት እንደ ሆነ ግን ካሳው በዚያው መጠን ሊቀነስ ይችላል። ለዚህ ሁሉ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ ሕጉ በመሠረቱ ሁለት ዓመት አድርጎ ወስኖታል።

ከዚህም በላይ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ዋስትና አዋጅ ቁጥር 799 እያንዳንዱ ባለ መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ መኪናው ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ ቢሆን እንኳ ለተጎጂው የሚከፈልበት የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ በወጣ ጊዜ ለአንድ ሰው አካል ጉዳት መድን ሰጪው የሚሸከመው እስከ 40,000 ብር፥ በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር። የሰው እግር ከመኪና መከታ አንሶ መገመቱ ለብቻው ሌላ ድርሰት የሚያስጽፍ ነው፤ ለጊዜው ግን የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ ከመድኑ ወሰን በላይ ያለው ጉዳት በፍትሐ ብሔሩ ሕግ መሠረት ከባለቤቱ ሊጠየቅ የሚችል ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። እኒህ ሰው ይቅር ያሉት ማንን ነው? በልባቸው ያዘኑት ለተንበረከከው ለድኻው ሾፌር ነበር። ነገር ግን ካሳውን ሊከፍሉ ይገባቸው የነበሩት መድን ሰጪውና የመኪናው ባለቤት ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዳቸውም በሐኪም ቤቱ አልተገኙም፥ አላለቀሱም፥ ይቅርታም አልለመኑም። ለሾፌሩ የታሰበው ምሕረት ሾፌሩን አልፎ በማያውቋቸው ሰዎች ሣጥን ውስጥ ገባ። ሰውየው ለሾፌሩ ከልባቸው ምሕረት ማድረግ፥ ቂምም አለመያዝ ይችሉ ነበር፤ ካሳቸውን ግን ከሚገባው ሰው መቀበል ይችሉ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው ስላልነበረ ሁለቱን በአንድ ፊርማ ሰጡ።

በዚህ ላይ ጠበቃ የሚባለው ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ቃሉ «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጠበቃ ማለት ጠባቂ ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን «በልሃ ልበልሃ» እየተባለ በአደባባይ ሙግት በሚደረግበት ጊዜ እንኳ አንደበቱ ያልተፈታ ሰው ነገር አዋቂ ወክሎ ይሟገት ነበር፤ አባቶቻችን እውነት ብቻዋን ስትቆም አንደበት ባለው ሐሰት ልትሸነፍ እንደምትችል ያውቁ ነበርና። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለውም ስለዚህ ነው። በሐኪም አልጋ ላይ የተኛ ሰው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ቢሆንም እንኳ ሕመሙ፥ የቤቱ ወጪና የልጆቹ ረኃብ አንደበቱን ይዘጉታል። ሌላው ወገን ጊዜ አለው፤ ገንዘብ አለው፤ ልምድም አለው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው» ማለት ጤነኛውንና እግሩ የተሰበረውን በአንድ መሥመር አቁሞ ሩጡ እንደ ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ቢሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ይህ ታላቅ ድንጋጌ ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ነገር ግን ከአንድ አደጋ ሁለት ሰዎች በሚነሡበት ጊዜ ነገሩን አስተውሉ። በወንጀል የተከሰሰው ሾፌር ድኻ ቢሆን ከመንግሥት ጠበቃ ሊቆምለት ይችላል። ዓቃቤ ሕግ ደግሞ የቆመው ለሕዝብና ለመንግሥት ነው፤ የሰውየውን የሐኪም ሂሳብና የወደ ፊት ደመወዝ አስልቶ ካሳ ማስገኘት ዋና ተግባሩ አይደለም። በመካከሉ የወደቀው ቢስክሌተኛ ግን ካሳውን በፍትሐ ብሔር ሲጠይቅ ያን የመሰለ መብት በዚያ አንቀጽ አልተጻፈለትም። ከሳሽ መሆን የሚገባው ሰው ከተከሳሹ ይልቅ ብቸኛ ይሆናል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ቢስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። በብረት ያልተሸፈነው ሰው ይሞታል ማለት ነው። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ባወጣችው ሕግ በመኪና የተጎዳ እግረኛና ቢስክሌተኛ ስለ አካሉ ጉዳት የሚጠይቀው ካሳ በተራ ስሕተቱ ምክንያት እንዳይነፈገው አድርጋለች። በኔዘርላንድ አገርም ከዐሥራ አራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በመኪና ሲጎዳ፥ ሆን ብሎ ወይም ለዚያ በሚቀርብ ግድየለሽነት ካላደረገው በቀር፥ ካሳው ሙሉ ነው። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለ መኪናውን ኃላፊነት የጻፈው ገና በ1952 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕግ የለንም ብለን ልናማርር አይገባንም። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ሕጉን ከመጽሐፉ አውጥቶ ከበሽተኛው አልጋ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ነው።

ይህን ስንል የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። አንደኛው «ጠበቃ በገባ ጊዜ ነገር ይከራል፥ እርቅም ይርቃል፤ መካሰስ ደግሞ ያገራችን ምግባር አይደለም» ይለናል። እኛ ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብሎ የተረተው የገዛ አገራችን ሰው መሆኑን እናስታውሰዋለን። ደግሞም የደግ ጠበቃ የመጀመሪያ ሥራው መክሰስ አይደለም፤ ወረቀት ማንበብ ነው። ያን ቀን በሐኪም ቤቱ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እርቁ አይፈርስም ነበር፤ ከወረቀቱ ላይ አንዲት መሥመር ትሰረዝ ነበር እንጂ።

ሁለተኛው «ጠበቆች ራሳቸው የተጎጂውን ገንዘብ ይበላሉ» ይላል። ይህ ነቀፋ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ልንል አንችልም። ከተሰበረ እግር ላይ ሲሶውን ቆርሶ የሚወስድ ሰው ስሙን ጠብቆ ግብሩን ለውጧል። ነገር ግን ክፉ ሐኪም ስላለ ሕክምና ይቅር እንደማይባል፥ ክፉ ጠበቃ ስላለ ድኻ ያለ ጠበቃ ይኑር ሊባል አይገባም።

ሦስተኛው «ቢስክሌተኞችም ያጠፋሉ፤ ያለ መብራት በሌሊት ይሄዳሉ፥ ወደ ተከለከለበት አቅጣጫ ይነዳሉ፥ ከዐቅም በላይ ይጭናሉ» ይላል። እውነት ነው። በዚህም ምክንያት ካሳቸው ሊቀነስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ተናግረናል። ሆኖም የጥፋት ሚዛን የሚሰፈረው ከሁለት ወገን ቃል ሲሰማ ነው። የአደጋው ሥዕል ሲነሣ አንዱ በእግሩ ቆሞ ለፖሊስ እያስረዳ ሁለተኛው በአምቡላንስ ውስጥ ሆኖ ከሄደ፥ የተጻፈው ጥፋት የማን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

አራተኛውና የሚከብደው ግን «የመጣው ከፈጣሪ ነው፤ የታዘዘ አይቀርም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ተጎጂዎቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ በትሕትና ልንመልስላቸው ይገባል። መከራው ከላይ የታዘዘ ቢሆንም የሐኪም ቤቱ ሂሳብ የሚመጣው ከምድር ነው፤ የልጆች የትምህርት ወጪም እንዲሁ። የታዘዘውን በትዕግሥት መቀበል መንፈሳዊ ምግባር ነው፤ የሌላውን ሰው ዕዳ ከድኻ ቤት አውጥቶ መክፈል ግን ትዕግሥት አይደለም። ትዕግሥተኛውን የሚያመሰግነው ሰው በብዙ ጊዜ ዕዳው የተነሣለት ሰው ነውና።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ይቅርታ ስጦታ ነው። ሰውም የሌለውን ሊሰጥ እንደማይችል ሁሉ፥ ያለው መሆኑን የማያውቀውንም ሰጠ አይባልም። በጨለማ ከኪሱ የወደቀበትን ወርቅ መጸወተ የሚለው ማነው? ይቅርታ የሚከብረው ሰውየው «ይህን ያህል ይገባኛል፤ አውቄ ተውሁት» ሲል ነው። ያን ጊዜ ተዋዩ ከተቀባዩ በላይ ይቆማል። ሳያውቅ የተወ ሰው ግን ተወሰደበት እንጂ አልሰጠም። ስለዚህ የተጎዳ ሰው መብቱን እንዲያውቅ ማድረግ የይቅርታ ጠላት አይደለም፤ ይቅርታን ከመታለል የሚለየው ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስለ ጠበቆች ሥነ ምግባር የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር፤ ከዚህ አሳብ የሚበልጥ ለሙያው ክብር የለም። የሕግ ትምህርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለድኾች በነጻ የሚሠሩ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አቋቁመዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ድኻ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው የዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ በር ከፍቶለታል። በሩ ክፍት መሆኑን ግን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን መንገር የጠበቆች ሥራ ብቻ አይደለም። አስተማሪው በክፍል ውስጥ፥ ፖሊሱ በአደጋው ቦታ፥ የሐኪም ቤቱ መዝገብ ያዥ ስም ሲጽፍ «ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክር ምንም ወረቀት አትፈርም» የምትለውን አንዲት ቃል ሊናገሩ ይችላሉ። እኛ ሽማግሌ ሆነን የምንጠራ ሰዎችም ከመመረቃችን በፊት የዚያን ተማሪ ሦስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ሽምግልናችን ይበልጥ ይከበራል እንጂ አይናቅም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ለቢስክሌት የተለየ መንገድ ሲሠራ አይተን ደስ ብሎናል። ቢስክሌተኛው በአስፋልቱ ላይ መሥመር እንደ ተሰጠው ሁሉ በፍርድ ቤትም የሚቆምበት ሥፍራ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት ወደ እኒያ ሰው ቤት ሄደን ነበር። በበሩ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሕጉ የሚለውን ሁሉ፥ ምን ያህል መጠየቅ ይችሉ እንደ ነበር፥ ሁለቱ ዓመትም ገና ሳይሞላ በዚያች መሥመር ምክንያት በሩ እንደ ተዘጋባቸው ነገርናቸው፤ ሕጉ እንዲህ ያለውን ስምምነት በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋልና። ያችንም መሥመር የጻፈው የእኛ እጅ መሆኑን አልሸሸግንም።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «ልጄ፥ አንተስ አላወቅህም፤ እኔም አላወቅሁም። ያ ወረቀቱን ከኪሱ ያወጣው ሰው ግን ያውቅ ነበር» አሉን። አዎን፤ በዚያ አልጋ አጠገብ አንደኛው ወገን ሕግ አዋቂ ነበረው፤ ጸሐፊውም እኛ ነበርን።

ልንሰናበት ስንነሣ እጃችንን ይዘው ይቅር እንዳሉን ነገሩን። ይህ ይቅርታ ከሐኪም ቤቱ ይቅርታ የተለየ ነው፤ የሚተዉት ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ በአንድ ሰምተው፥ አስበው፥ አውቀው ተውት። ለዚህ ነው የከበደን።